ፍትሕና ምሕረት በነቢያት ትምህርት
(ስለ ጾመ ነነዌና ስለ ክፉ ዘመን ጥያቄ)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ዐቢይ ጾም ከመግባቱ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ፣ ከሰኞ እስከ ረቡዕ ሦስት ቀን፣ ቤተ ክርስቲያናችን ጾመ ነነዌን ታውጃለች። ይህ ጾም በባሕረ ሐሳብ ቍጥር ከጥር 17 ቀን ቀድሞ አይገባም፤ ከየካቲት 21 ቀንም አልፎ አይጀምርም። በላስታ ደጋ በልግ የሚዘራው ገበሬ ዐይኑን ወደ አቡነ ዮሴፍ ተራራ አንሥቶ ደመና የሚጠብቅበት ወራት ነው። ስለዚህ መጽሐፈ ዮናስ በሚነበብበት በዚህ ጊዜ ከምእመናን ዘንድ አንድ ጥያቄ ሳይነሣ አይቀርም። ዝናብ ሲቀር፣ አንበጣ ሲወርድ፣ ሰይፍ ሲመጣ፣ ይህ ሁሉ የእግዚአብሔር ቍጣ ነውን? ቍጣውስ ከሆነ፣ ከእኛ ይልቅ የበደሉ ሰዎች ጠግበው ሲያድሩ የእኛ ሕፃን ስለ ምን ይራባል?

ይህን ጥያቄ የሚጠይቀው ሰው ለክርክር ብሎ የሚጠይቅ አይደለም። ልጁን ቀብሮ፣ በሬውን ሽጦ፣ ቤቱን ዘግቶ የተሰደደ ሰው ነው። የሚመልስለት ካህን በሁለት ወገን ሊሰናከል ይችላል። «አዎን፣ ስለ ኀጢአትህ ነው» ያለው እንደ ሆነ፣ የተሰበረውን ልብ ዳግመኛ ሰብሮ ሰውየውን ወደ ተስፋ መቍረጥ ይጥለዋል። «እግዚአብሔር በዚህ ምንም ነገር የለውም» ያለው እንደ ሆነ ደግሞ፣ ነቢያት የተናገሩትን ሁሉ ከንቱ ያደርጋል፤ የሚለመንና የሚሰማ አምላክም እንዳይኖር ያደርጋል። ስለዚህ ነቢያት ስለ ፍርድና ስለ ምሕረት ምን እንዳስተማሩ በጥንቃቄ መመርመር ይገባናል።

፩. ፍትሕ የሚለው ቃል ምን ይዟል?

አስቀድመን ከቃሉ እንነሣ። በግእዝ ቋንቋችን «ፈትሐ» ማለት ሁለት ነገር ነው፤ አንደኛው ፈረደ ማለት ነው፤ ሁለተኛው የታሰረውን ፈታ፣ ለቀቀ፣ ኀጢአትን አስተሰረየ ማለት ነው። ነገሥታት የፈረዱበት የሕግ መጽሐፍ ፍትሐ ነገሥት ይባላል፤ ካህን በተነሳሒው ላይ የሚጸልየው የማሰናበቻ ጸሎት ደግሞ ፍትሐት ይባላል፤ ለሞተ ሰው የሚደርሰውን ጸሎት ሕዝቡ ሁሉ ፍታት ይለዋል። ፈራጁ የሚቀመጥበት ወንበርና ኀጢአተኛው የሚፈታበት መስቀል በአንድ ቃል ይጠራሉ። ይህ በአጋጣሚ የሆነ የቋንቋ ጨዋታ ብቻ አይደለም፤ በነቢያት ዘንድ ፍርድ የሚባለው ነገር በመጀመሪያ የታሰረውን መፍታት ነውና። ነቢዩ ኢሳይያስ ለድሀ አደጉ ፍረዱለት፣ ስለ መበለቲቱ ተሟገቱላት ብሎ ሲያዝዝ (ኢሳ. 1፥17)፣ ድሀ አደጉን ቅጡት ማለቱ እንዳልሆነ ግልጽ ነው፤ ከግፈኛ እጅ አውጡት ማለቱ ነው። ስለዚህ አንዱ ፍርድ ለሁለት ሰው ሁለት መልክ አለው። ለተገፋው መፈታት ነው፤ ለገፊው መያዝ ነው።

ምሕረት የሚለውም ቃል እንዲሁ ጥልቅ ነው። በዕብራይስጥ ርኅራኄ «ረሐሚም» ይባላል፤ ይህም «ሬሔም» ከሚለው፣ ማኅፀን ማለት ከሆነው ቃል ጋር አንድ ሥር ነው። የቋንቋ ሊቃውንት የእኛም «መሐረ» የሚለው ግስ ፊደላቱ ቦታ ተለዋውጠው ከዚያው ሥር እንደ ተገኘ ይናገራሉ። ስለዚህ ምሕረት ማለት ባለሥልጣን ከላይ ሆኖ ቅጣትን መተዉ ብቻ አይደለም፤ እናት በማኅፀኗ ለተሸከመችው የምትራራው መራራት ነው። ኢሳይያስም እናት የማኅፀኗን ልጅ ልትረሳ ብትችል እንኳ እግዚአብሔር ጽዮንን እንደማይረሳ የተናገረው ከዚህ የተነሣ ነው (ኢሳ. 49፥15)።

በሁለተኛው መቶ ዓመት ማርቅዮን የሚባል መናፍቅ ተነሥቶ፣ የብሉይ ኪዳን አምላክ ፈራጅ ብቻ ነው፣ የሐዲስ ኪዳን አምላክ ግን መሐሪ ነው፣ ሁለቱም የተለያዩ ናቸው ብሎ አስተማረ። ቤተ ክርስቲያን አውግዛ ለየችው። ዛሬ ይህን ኑፋቄ በግልጽ የሚያስተምር በመካከላችን ባይኖርም፣ ብሉይን የቍጣ መጽሐፍ ብቻ አድርገው የሚያስቡ ብዙዎች ናቸው። እነርሱ የነቢያትን መጻሕፍት እስከ መጨረሻው ቢያነቡ ኖሮ፣ ከአሞጽ ጀምሮ እስከ ሚልክያስ ድረስ ያለ ምሕረት ተስፋ የተዘጋ መጽሐፍ ማግኘት እንደሚያስቸግር ባወቁ ነበር። አሞጽ እንኳ፣ ከነቢያት ሁሉ ቃሉ የከበደው፣ መጽሐፉን የፈረሰችውን የዳዊትን ድንኳን በማንሣት ይፈጽማል (አሞጽ 9፥11)።

፪. አሞጽ፤ ፍርዱ በማን ላይ ነው?

አሞጽ የቴቁሔ እረኛ ነበረ፤ የሾላም ፍሬ ይለቅም ነበር። በነቢያት ማኅበር ያልተማረ፣ ከበጎቹ ኋላ የተወሰደ ሰው ነው (አሞጽ 7፥14-15)። ወደ ሰማርያ የተላከው ከጌታችን ልደት በፊት በስምንተኛው መቶ ዓመት፣ በዳግማዊ ኢዮርብዓም ዘመን፣ መንግሥቱ ሰፍቶ፣ ገበያው ደርቶ፣ ባለጸጎች በዝሆን ጥርስ አልጋ በሚተኙበት ጊዜ ነው።

ስለ ረኀብ የሚጠይቅ ሰው አራተኛውን ምዕራፍ ማንበብ አለበት። በዚያ እግዚአብሔር ረኀብን እንደ ሰደደ፣ መከር ሦስት ወር ሲቀረው ዝናብን እንደ ከለከለ፣ በአንዲቱ ከተማ አዝንቦ በሌላይቱ እንዳላዘነበ፣ ዋግና አንበጣን፣ ቸነፈርንና ሰይፍን እንዳመጣ በተራ ይቈጥራል። ከእያንዳንዱም ቀጥሎ ወደ እርሱ እንዳልተመለሱ አምስት ጊዜ ይወቅሳል (አሞጽ 4፥6-11)። እንግዲህ ነቢዩ ተፈጥሮ ከእግዚአብሔር እጅ ውጭ ናት አላለም። መቅሠፍቱ ጥሪ ነው፤ የጥሪውም ዓላማ መመለስ ነው። አምስት ጊዜ ጠርቶ አምስት ጊዜ የጠበቀ አምላክ ለማጥፋት የቸኰለ አይደለም።

ነገር ግን ልብ እንበል፤ ጥሪው ለማን ነው? ምዕራፉ የሚጀምረው ድሆችን የሚያስጨንቁ፣ ችግረኞችን የሚያደቅቁ፣ ባሎቻቸውን መጠጥ አምጡ የሚሉ የሰማርያ ወይዛዝርትን በመገሠጽ ነው (አሞጽ 4፥1)። በሌላ ስፍራም የሚከሰሱት ድሀውን ስለ አንድ ጥንድ ጫማ የሚሸጡት (2፥6)፣ እህል ለመሸጥ ሰንበት እስኪያልፍ የሚቸኵሉት፣ መስፈሪያውን አሳንሰው ዋጋውን የሚያበዙት፣ በሐሰት ሚዛን የሚያታልሉት (8፥5)፣ የወይን ጠጅ በጽዋ እየጠጡ ስለ ዮሴፍ ስብራት የማያዝኑት ናቸው (6፥6)። በዘጠኙም ምዕራፍ ውስጥ አሞጽ የተራበውን ሰው «ስለ ኀጢአትህ ተራብህ» ብሎ የገሠጸበት ስፍራ የለም። ጣቱን የዘረጋው በጠገበው ላይ ነው።

ከዚህ የሚከተል አንድ ሥርዐት አለ። ረኀብ ሲመጣ ለተራበው የሚነገረውና ለጠገበው የሚነገረው ቃል አንድ አይደለም። ለተራበው እንጀራና መጽናናት ይገባዋል፤ የነቢዩ ተግሣጽ የሚገባው ግን እህል እያለው ጎተራውን ለዘጋው፣ ሥልጣን እያለው ዝም ላለው ነው። ይህን ገልብጦ ተግሣጹን ለተራበው፣ ምስጋናውን ለጠገበው የሚሰጥ ሰባኪ በአሞጽ ወንበር ሳይሆን በቤቴል ካህን በአሜስያስ ወንበር ተቀምጧል፤ አሜስያስ ነቢዩን ከንጉሥ መቅደስ ያባረረው የባለጸጎቹን ሰላም እንዳያናጋ ነበርና (7፥12-13)።

፫. የላስታና የወሎ ክፉ ዘመናት ምን ያስተምራሉ?

ይህ የነቢዩ ቃል በአገራችን ታሪክ ተፈትኖ እውነት ሆኖ ተገኝቷል።

ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. የሆነው ረኀብ እስከ ዛሬ ክፉ ቀን ይባላል። በምጽዋ በኩል ከባሕር ማዶ በገቡ ከብቶች የመጣው ደስታ የሚባል የከብት በሽታ የአገሩን ከብት አብዛኛውን ፈጀ፤ በሬ ጠፍቶ እርሻ ቆመ፤ ድርቅና ተምች ተጨመረበት። በዚያ ጊዜ ዳግማዊ ምኒልክ ሕዝቡ በሬ ባይኖረውም በዶማ እንዲቆፍር ለማበረታታት ራሳቸው ዶማ ይዘው እንደ ቆፈሩ በታሪክ ተጽፏል። ንጉሥ ዶማ ያነሣበት ቀን ለነነዌ ንጉሥ ከዙፋኑ መውረድ የቀረበ ነገር አለው።

በ1958 ዓ.ም. ዋግና ላስታ ተራቡ። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ደግሞ ወሎ በመላው ተራበ። ይህን ሁለተኛውን ረኀብ የመረመረው የምጣኔ ሀብት ሊቅ አማርትያ ሴን በ1981 እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ባሳተመው መጽሐፍ የሚያስደነግጥ ነገር አሳየ። በዚያ ዓመት በጠቅላላው አገር የነበረው እህል ከወትሮው እጅግ ያነሰ አልነበረም፤ ወሎም ስትራብ እህል ከወሎ ወደ አዲስ አበባና ወደ አስመራ ይወጣ ነበር። ገበሬው የተራበው በአገሩ እህል ፈጽሞ ስለ ጠፋ ሳይሆን፣ ምርቱ ከስሞ የሚገዛበት ስለ አጣ ነው። የረኀቡም ወሬ እስኪገለጥ ድረስ ተሸሽጎ ቆየ። አሞጽ ስለ መስፈሪያና ስለ ሚዛን፣ ስለ ዮሴፍ ስብራት አለማዘን የተናገረውን ለሚያውቅ ሰው ይህ ምርመራ አዲስ ነገር አይሆንበትም።

የ1977 ዓ.ም. ረኀብ ከሁሉ የከፋ ነበር። በዚያን ጊዜ በወሎ ክፍለ ሀገር በነበረችው በቆረም ሜዳ በየሌሊቱ በብርድና በረኀብ የሚሞተው ሕዝብ በጥቅምት ወር በቴሌቪዥን ለዓለም ታየ። በጠቅላላው የሞተውን ሰው የሚገምቱት ከ400,000 እስከ 1,000,000 ያደርሱታል። ከዚያ ጥቂት ሳምንታት አስቀድሞ፣ በመስከረም ወር፣ የአብዮቱ ዐሥረኛ ዓመት በአዲስ አበባ በብዙ ወጪ በድግስና በሰልፍ ይከበር ነበር። ድርቅ ዝናብን ከለከለ፤ የሰው ልብ ግን እንጀራን ከለከለ። ነቢያት የሚፈርዱት በዚህ በሁለተኛው ላይ ነው።

እንግዲህ «ይህ ረኀብ በእገሌ ኀጢአት የመጣ ነው» ብሎ መወሰን ለማን ይቻላል? አሞጽ የተናገረው መንፈስ ቅዱስ ገልጦለት ነው። ያልተገለጠለት ሰው ግን የኢዮብ ወዳጆች የሠሩትን እንዳይሠራ መጠንቀቅ አለበት፤ እነርሱ መከራውን አይተው ኀጢአቱን ገመቱ፤ እግዚአብሔርም ስለ እርሱ ቅን ነገር አልተናገራችሁም ብሎ ተቈጣቸው (ኢዮብ 42፥7)። ጌታችንም ጲላጦስ ያረዳቸው የገሊላ ሰዎችና የሰሊሆም ግንብ የወደቀባቸው ዐሥራ ስምንት ሰዎች ከሌሎች ይልቅ ኀጢአተኞች እንዳልነበሩ ነግሮ፣ ሰሚዎቹን ግን ለንስሐ ጠራ (ሉቃ. 13፥1-5)። መከራውን ባየን ጊዜ የምንመረምረው የራሳችንን ኀጢአት ነው፤ የሟቹን አይደለም።

ሕዝቅኤልም ይህን አጽንቶ አስተምሯል። ምርኮኞቹ አባቶች የበሉት ጎምዛዛ የወይን ፍሬ የልጆችን ጥርስ አጠረሰ እያሉ ይተርቱ ነበር፤ በአባቶቻችን ኀጢአት ተቀጣን፣ እንግዲህ ተስፋ የለንም ማለታቸው ነው። ነቢዩ ግን ይህ ምሳሌ በእስራኤል እንዳይነገር ከለከለ፤ እያንዳንዱ ነፍስ ስለ ራሱ እንደሚጠየቅ፣ እግዚአብሔርም በኀጢአተኛው ሞት ደስ እንደማይለው፣ ተመልሶ በሕይወት እንዲኖር እንደሚወድ አስረዳ (ሕዝ. 18፥2-4፤ 18፥23)። ያለፈው ዘመን የላስታ ልጅ ላይ የተጻፈ የማይፋቅ ፍርድ አይደለም።

፬. ነቢይ ከሳሽ ብቻ አይደለም፤ አማላጅም ነው

አሞጽ በሰባተኛው ምዕራፍ አምስት ሳይሆን በተራ ሦስት ራእይ ያያል። አስቀድሞ የሣሩን ቡቃያ የሚበላ አንበጣ አየ፤ ያን ጊዜ ያዕቆብ ታናሽ ነውና ማን ያነሣዋል ብሎ ማለደ፤ እግዚአብሔርም ተመለሰ። ሁለተኛ ጥልቁን የሚበላ እሳት አየ፤ ዳግመኛ ማለደ፤ እግዚአብሔርም ተመለሰ። በሦስተኛው ግን ጌታ ቱምቢ ይዞ በቅጥሩ ላይ ቆሞ አየው (አሞጽ 7፥1-8)። በሰማርያ ላይ እንዲህ የከበደ ቃል የተናገረ እረኛ፣ በምሥጢር ሲሆን ስለ ሰማርያ የሚለምን ነበረ። ሳይማልዱ የሚገሥጹ ሰዎች ከነቢያት ግማሹን ብቻ ተምረዋል።

የቱምቢው ራእይ በላሊበላ ለሚኖር ሰው ቅርብ ነው። በ12ኛው መቶ ዓመት መጨረሻና በ13ኛው መጀመሪያ የነገሠው ቅዱስ ላሊበላ በሮሐ ያሳነጻቸው ዐሥራ አንዱ አብያተ ክርስቲያናት ድንጋይ በድንጋይ ላይ ተደርቦ የተሠሩ አይደሉም፤ አንድ ወጥ ዐለት ከላይ ወደ ታች ተፈልፍሎ የወጡ ናቸው። ግንበኛ ያበላሸውን ድንጋይ አውጥቶ ሌላ ይተካል፤ ፈልፋይ ግን አንድ ጊዜ የቀረፈውን መመለስ አይችልም። ስለዚህ መሮውን ከማሳረፉ በፊት ይለካል፤ የሚያስወግደውንም የሚያስወግደው ውስጥ ያለውን ቤት ለማውጣት ነው። ኢሳይያስም ሕዝቡን ወደ ተቈረጣችሁበት ዐለት ተመልከቱ ሲል (ኢሳ. 51፥1)፣ ኤርምያስም የእግዚአብሔርን ቃል ዐለትን በሚሰብር መዶሻ ሲመስለው (ኤር. 23፥29)፣ እጁ የማይስት ሠሪ በሥራ ላይ እንዳለ ያስረዱናል። ይህን ምሳሌ ግን እያንዳንዳችን ለራሳችን ነፍስ እንጂ በወደቀው ባልንጀራ ላይ አንተርተው።

ሰቆቃወ ኤርምያስ እግዚአብሔር ሰውን የሚያስጨንቀው ከልቡ ወድዶ አይደለም ይላል (ሰቆ. 3፥33)። ኢሳይያስም የቍጣውን ሥራ ለእርሱ እንግዳ የሆነ ሥራ ብሎ ይጠራዋል (ኢሳ. 28፥21)። እነዚህ ሁለት ስፍራዎች አንድ ነገር ያስተምሩናል። ፍርድ እግዚአብሔር የሚሠራው ሥራ ነው፤ ምሕረት ግን ባሕርዩ ነው።

፭. «ትገለበጣለች» የተባለው የዮናስ ቃል

አሁን ወደ ነነዌ እንምጣ። ዮናስ ወልደ አማቴ የጋትሔፈር ሰው ሲሆን፣ በዳግማዊ ኢዮርብዓም ዘመን ለነበሩ ሰዎች የታወቀ ነቢይ ነው (2 ነገ. 14፥25)። ወደ ነነዌ ተልኮ የሰበከው ስብከት ከነቢያት ስብከት ሁሉ አጭሩ ነው፤ ከተማይቱ ትገለበጣለች የሚል ነው። ቀኑም በዕብራይስጡ አርባ ሲሆን በሰብአ ሊቃናት ትርጕም ሦስት ነው። ቤተ ክርስቲያናችን የነነዌን ጾም ሦስት ቀን አድርጋ ስትጠብቅ ይህ ጠባብ ቀጠሮ ይታወሰናል።

በዕብራይስጥ ዮናስ የተናገረው ግስ «ሃፋክ» ነው፤ ገለበጠ ማለት ነው። ይህ ግስ ሰዶምና ገሞራ በተገለበጡ ጊዜ የተነገረው ነው (ዘፍ. 19፥25)። ነገር ግን ይኸው ግስ መለወጥ፣ ከአንድ ጠባይ ወደ ሌላ መዞር ማለትም ይሆናል። ዮናስ ነነዌ እንደ ሰዶም ትገለበጣለች ሲል፣ ቃሉ በሌላ መንገድ ተፈጸመ፤ ከተማይቱ በእውነት ተገለበጠች፣ ከክፋት ወደ ንስሐ። ንጉሥ ከዙፋኑ ወርዶ በአመድ ተቀመጠ፤ ሰውም እንስሳም ማቅ ለበሱ። ነቢዩ ቃሌ ሐሰት ሆነ ብሎ ያዘነበት ነገር፣ ቃሉ ከአሰበው ይልቅ እውነት የሆነበት ነበረ።

ከዚህም የሚደንቅ አለ። በሆሴዕ መጽሐፍ እግዚአብሔር ኤፍሬምን እንደ አዳማና እንደ ሲባዮ ላደርገው እንዴት እችላለሁ ብሎ ይናገራል። እነዚህ ሁለቱ ከሰዶምና ከገሞራ ጋር የጠፉ ከተሞች ናቸው (ዘዳ. 29፥23)። ቀጥሎም ልቤ በውስጤ ተገለበጠ ይላል (ሆሴዕ 11፥8)፤ በዚያም ያው «ሃፋክ» የሚለው ግስ ተነግሯል። ከተማይቱን ሊገለብጣት የሚገባው ቍጣ በእግዚአብሔር ልብ ውስጥ ወደ ርኅራኄ ተገለበጠ ማለት ነው። ይህን የሆሴዕን ቃል እኛ በመስቀሉ ብርሃን ስናነብበው፣ ፍርዱን በራሱ ላይ የተቀበለውን አምላክ እናያለን።

«ታዲያ ነቢይ የተናገረው ካልሆነ ነቢይ እንዴት ይባላል?» የሚል ሰው ቢኖር፣ ኤርምያስ በሸክላ ሠሪው ቤት የተማረውን ያንብብ። እግዚአብሔር በሕዝብ ላይ ክፉን ሊያደርግ በተናገረ ጊዜ ያ ሕዝብ ቢመለስ እርሱም ይመለሳል፤ በጎን ሊያደርግ በተናገረም ጊዜ ሕዝቡ ክፉ ቢያደርግ በጎው ይቀርበታል (ኤር. 18፥7-10)። ይህ በሥራ የታየው በሚክያስ ላይ ነው። ሚክያስ ጽዮን እንደ እርሻ ትታረሳለች ብሎ ትንቢት ተናገረ (ሚክ. 3፥12)፤ ሕዝቅያስም ፈርቶ ለመነ፤ ጥፋቱም በዘመኑ አልመጣም። መቶ ዓመት ገደማ ካለፈ በኋላ ኤርምያስን ሊገድሉት በያዙት ጊዜ የምድሪቱ ሽማግሌዎች ይህን የሚክያስን ነገር በሸንጎ ጠቅሰው ነፍሱን አተረፉ (ኤር. 26፥17-19)። የፍርድ ትንቢት እንዳይፈጸም የሚነገር ትንቢት ነው። አባት ልጁን ከገደል አፋፍ ሲያይ «ትወድቃለህ!» ብሎ እንደሚጮኽ ያለ ነው፤ ልጁ ቢመለስና ባይወድቅ አባቱ ሐሰተኛ ተባልሁ ብሎ አያዝንም።

፮. ከሁሉ የሚከብደው፤ ምሕረት ለጠላት

ዮናስ የሸሸው ፈሪ ስለ ነበረ አይደለም። መሐሪና ይቅር ባይ፣ ለቍጣ የዘገየ መሆንህን ስለ ማውቅ ሸሸሁ ብሎ ራሱ ተናግሯል (ዮናስ 4፥2)። ነነዌ የአሦር ከተማ ነበረች። አሦር ደግሞ በ722 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ሰማርያን አፍርሶ ዐሥሩን ነገድ የማረከ መንግሥት ነው። ለእስራኤላዊ አንባቢ «ነነዌ ትማር» ማለት ቤታችንን ያቃጠለው ይማር ማለት ነበር።

ይህን በላስታ የሚሰማ ሰው ዮናስን ለመረዳት አይቸገርም። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ላስታ ደረሰ፤ ላሊበላም እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ድረስ ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው እጅ ስትተላለፍ ቆየች። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ የሰላም ስምምነት ተፈረመ፤ በ2015 ዓ.ም. ክረምት ግን በአማራ ክልል ሌላ ግጭት ተነሣ። ልጁን ያጣ፣ ቤቱ የተዘረፈበት ሰው በጾመ ነነዌ በቤተ ክርስቲያን ቆሞ የዮናስን መጽሐፍ ሲሰማ፣ ልቡ ከዮናስ ጋር ከቅሉ ጥላ ሥር ይቀመጣል። ይህን ሰው በችኰላ «ይቅር በል» ማለት ቀላል ነው፤ ነቢያት ግን እንዲህ በችኰላ አያልፉትም።

በመጀመሪያ፣ ነነዌ የተማረችው ዝም ብላ አይደለም። የንጉሡ ዐዋጅ እያንዳንዱ በእጁ ካለው ግፍ ይመለስ የሚል ነበረ (ዮናስ 3፥8)። እግዚአብሔርም ያየው ማቃቸውን ብቻ ሳይሆን ሥራቸውን፣ ከክፉ መንገዳቸው መመለሳቸውን ነው (3፥10)። በእጅ ያለ የተዘረፈ ነገር ሳይመለስ፣ የፈሰሰ ደም ሳይታመን፣ ማቅ ብቻውን ንስሐ አይሆንም። ሁለተኛ፣ ነነዌ ወደ ግፏ በተመለሰች ጊዜ ነቢዩ ናሆም ተነሣባት። ናሆምም ዮናስ የጠቀሰውን ያንኑ የእግዚአብሔርን ስም፣ ለቍጣ የዘገየ መሆኑን ይጠቅስና፣ ነገር ግን በደለኛውን ንጹሕ ነው እንደማይል ይጨምራል (ናሆም 1፥3)። ነነዌም በ612 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ወደቀች። ስለዚህ የተበደለ ሰው ፍትሕን ቢጠይቅ ከምሕረት ወጣ ተብሎ አይነቀፍም፤ ፍትሕን የሚጠይቀው በነቢያት አፍ ነውና። ይህም ለአንዱ ወገን ብቻ የተነገረ አይደለም፤ ግፍ በእጁ ላለ ሁሉ፣ ከየትኛውም ወገን ቢሆን፣ ያው አንድ ቱምቢ ነው።

ይህ ሁሉ ከተባለ በኋላ ግን የመጨረሻው ጥያቄ ይቀራል፤ መጽሐፈ ዮናስ በመልስ ሳይሆን በጥያቄ ያበቃልና። ቀኝና ግራቸውን የማያውቁ ከ120,000 የሚበልጡ ሰዎች፣ ብዙ እንስሳትም ላሉባት ከተማ አልራራምን? ይላል (ዮናስ 4፥11)። ዮናስ ምን እንደ መለሰ አልተጻፈም። የጠላት አገር ጠላት ብቻ የሚኖርባት አይደለችም፤ ሕፃን አለባት፣ ላም አለባት፣ የማታውቅ አሮጊት አለችባት። ይህን ያሰበ ሰው ፍትሕን ይጠይቃል እንጂ ጥፋትን አይመኝም። በፍትሕና በበቀል መካከል ያለው ድንበር ይህ ነው። ፍትሕ በዳዩን ይፈልገዋል፤ በቀል ግን የበዳዩን ሕፃን አይለይም። አሞጽም እስራኤል በመመረጧ እንዳትታበይ የኢትዮጵያን ልጆች ጠርቶ፣ በእግዚአብሔር ፊት እናንተ እንደ እነርሱ አይደላችሁምን ብሏል (አሞጽ 9፥7)። ስማችን በዚህ ስፍራ መጠራቱ ለትምክሕት ሳይሆን፣ እግዚአብሔር ሕዝብን ሁሉ በአንድ ዐይን እንደሚያይ ምስክር እንድንሆን ነው።

፯. እንግዲህ ምን እናድርግ?

ከላይ የተነገረው ሁሉ በሥራ ካልተገለጠ ንባብ ብቻ ይሆናል። ስለዚህ ለካህናት ወንድሞቼና ለምእመናን ጥቂት ነገር ልጨምር።

አንደኛ፤ በተጨነቀ ቤት የምንገባ ካህናት መከራውን ለመተርጐም አንቸኵል። ኤርምያስ ስለ ሕዝቡ ዐይኑ የእንባ ምንጭ እንዲሆን ተመኘ (ኤር. 9፥1)። ልቅሶ ከትርጓሜ ይቀድማል፤ እንጀራም ከስብከት ይቀድማል።

ሁለተኛ፤ የንስሐ አባቶች ለንስሐ ልጆቻችን ቀኖና ስንሰጥ ስግደቱንና ጾሙን ብቻ አንቍጠር። የድሀ መሬት የገፋ ድንበሩን ይመልስ፤ በክፉ ቀን በርካሽ የገዛውን በሬ ያሰበ ለባለቤቱ ይካስ፤ መስፈሪያ ያሳነሰ ይሙላ። የታሰረው ሳይፈታ ለአሳሪው ፍትሐት እንዴት ይደርሳል?

ሦስተኛ፤ ጾማችን ኢሳይያስ እንዳዘዘው ይሁን፤ የበደልን እስራት መፍታት፣ ለተራበው እንጀራን መቍረስ፣ ስደተኛውን ወደ ቤት ማግባት (ኢሳ. 58፥6-7)። በግእዝ ተተርጕሞ የሚገኘው መጽሐፈ ሄርማም የሚጾም ሰው በዚያ ቀን ሊበላው የነበረውን ዋጋ ቈጥሮ ለመበለት ወይም ለድሀ አደግ እንዲሰጥ ያስተምራል። በሦስቱ የነነዌ ቀናት እያንዳንዱ ቤት የተወውን ምሳ በሰበካው ጉባኤ በኩል ቢያሰባስብ፣ ጾሙ ለስንቱ ቤት ሌማት ይሆናል!

አራተኛ፤ ዝናብ ሲቀር ምሕላ ይዘን እግዚኦታ ስናደርስ፣ አሞጽ ስለ ታናሹ ያዕቆብ እንደ ማለደ ማልደን፣ ከቅጽሩ ስንወጣ ደግሞ ጎተራችንን እንክፈት። ምሕላ የሰማይን በር የሚያንኳኳ ከሆነ፣ የተዘጋ ጎተራ ያንኑ በር ከውስጥ ይቈልፈዋል።

በላሊበላ ከቤተ ገብርኤል ወሩፋኤል ወደ ቤተ መርቆሬዎስ የሚያደርስ፣ ሲኦል የሚባል ጨለማ የዋሻ መንገድ አለ። መሳለሚ የሚሄድ ምእመን በዚያ ጨለማ እጁን በዐለቱ ላይ አሳርፎ፣ ራሱን ዝቅ አድርጎ ያልፋል፤ ጥቂት ከሄደም በኋላ ወደ ብርሃን ይወጣል። አባቶቻችን ያን መንገድ ሲሰይሙ መጨረሻው የተደፈነ አላደረጉትም። ነቢያትም እንዲሁ ናቸው፤ የፍርድን ጨለማ አያሳጥሩትም፤ ነገር ግን አይደፍኑትም። ኢሳይያስ ቍጣው ለጥቂት ጊዜ፣ ምሕረቱ ግን ለዘለዓለም እንደ ሆነ ተናገረ (ኢሳ. 54፥7-8)። ዕንባቆምም በመዓት ጊዜ ምሕረትን አስብ ብሎ ለመነ (ዕን. 3፥2)። ሚክያስ ደግሞ ከሰው የሚፈለገውን በሦስት ነገር ጠቀለለው፤ ፍርድን ማድረግ፣ ምሕረትን መውደድ፣ ከአምላክ ጋር በትሕትና መሄድ (ሚክ. 6፥8)። ፍርድን እናደርጋለን እንጂ ፍርድን እንድንወድ አልታዘዝንም፤ እንድንወድ የታዘዝነው ምሕረትን ነው።

የነነዌን ሰዎች ጩኸት የሰማ አምላክ የእኛንም ጾም ይቀበልልን፤ ለተራቡት እንጀራን፣ ለተገፉት ፍትሕን፣ ለሁላችን ንስሐን ይስጠን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።